ዘይቱና፣ ጥንቸሏና የግቢው ሕግ

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካሉት ቅያሶች በአንዱ ሰባት ቤትና አንድ ሽንት ቤት ያለው ግቢ አለ። ሽንት ቤቱ የሁሉም ነው ይባላል። ይባላል እንጂ የዘይቱና ነው። ቁልፉን በር በር እየዞረች ያደለችው እሷ፣ የጽዳት ተራ የምታወጣው እሷ፣ ተረኛው አጥቦ ሲወጣ ገብታ ጎንበስ ብላ የምታሸተውም እሷ ናት። አሽትታ ስትወጣ ፊቷ ከተኮሳተረ ተረኛው ባልዲውን ይዞ ይመለሳል። ላለመመለስ የሞከሩ ነበሩ፤ ሁለተኛ ግን አልሞከሩም።

ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ድልድዩ አጠገብ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ከቸርችል ጎዳና ቢሮዎች ከረባት አስረው የሚመጡ ኃላፊዎች ሳይቀሩ፣ ዚፓቸው እስኪቀየር ድረስ እሷ ባዋሰቻቸው ሽርጥ ተጠቅልለው በረንዳው ጥግ ሲሽኮረመሙ አይታለች። ስለዚህ በዚህ ከተማ የምታፍረው ሰው የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ፊት ለፊት የምትኖረው ጽጌማርያም አራት ዶሮ ገዝታ ግቢ ውስጥ ለቀቀች። ዶሮዎቹ ደግሞ ዶሮ ናቸውና ደጃፉን ሁሉ አቀለሙት። ዘይቱና ለሦስት ቀን ታገሰች፤ በአራተኛው ቀን ስብሰባ አስጠራች። በግቢው ደብተርም እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «የሚጸዳዳበትን ቦታ የማያውቅ እንስሳ በዚህ ግቢ አይኖርም።» ጽጌማርያም «ሕፃናቱስ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ዘይቱና «ሕፃን ያድጋል፤ ዶሮ ግን ባረጀችም ዶሮ ናት» ብላ ዘጋቻት። ዶሮዎቹ ለፋሲካ ታረዱ። ጽጌማርያም ወጡን ስትበላ እንባዋ ጠብ እያለ ነበር ይባላል፤ በርበሬው ነው የሚሉም አሉ።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት፣ የዘይቱና ልጅ ኢልሀም በካርቶን አንድ ነገር ይዛ መጣች። ኢልሀም ባል አግብታ ከወጣች ገና አምስት ወሯ ነው። ካርቶኑን ስትከፍተው ቡናማና ነጭ ጥንቸል ብቅ አለች።

«ማኪያቶ ትባላለች እማ። ባሌን ጠጉሯ ያስነጥሰዋል። ለጊዜው አንቺ ጋ ትሁን።»

«ይቺ ጆሮዋን የተጎተተች አይጥ ናት» አለች ዘይቱና። «ውሰጃት።»

ኢልሀም ግን እናቷን ስላወቀች ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሹልክ ብላ ወጣች።

ማኪያቶ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አሽትታ፣ ከሁሉም የመረጠችው መስገጃውን ሆነ። መሃሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ጭራዋን ቀና አደረገች፣ ዘይቱናን ዓይን ዓይኗን እያየች ሸናች። ዘይቱና መስገጃውን ሦስት ጊዜ አጥባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ማኪያቶ ወደ አልጋው ዞረች። አልጋው ሲከለከል ወደ ሶፋው፣ ሶፋው ሲከለከል ወደ ጫማ መደርደሪያው። ሽምብራ የሚያካክል ጥቁር ፍሬም በሄደችበት ሁሉ ትረጫለች፤ ዘይቱና አንድ ቀን ጠዋት በጨለማ እየዳበሰች ሽምብራ መስሏት ልትለቅም ነበር።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ትቆፍራለች። የፕላስቲክ ምንጣፉን ጠርዝ በጥርሷ ቀደደችው። አልጋው ሥር ሊሾው የተሰነጠቀበትን ቦታ አግኝታ፣ በሁለት የፊት እግሯ እየጫረች አፈር ታወጣለች። ዘይቱና አፈሩን መለሰች፣ ረገጠች፣ የከሰል ካውያዋን ጫነችበት። ማኪያቶ ከካውያው ጎን ሌላ ጀመረች።

ታዲያ ለምን አላባረረቻትም? ኢልሀም ካገባች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። ዘይቱና ማታ ማታ ሬዲዮኑን «እና ምን ይሁን ትላለህ?» ማለት ጀምራለች። ባሏ ሸምሰዲን ካረፈ አሥር ዓመት አልፎታል። ጥንቸሏ በመጣች በሳምንቱ፣ ዘይቱና ቁልፍ ስትተክል እግሯ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማት። ጎንበስ ብላ ስታይ ማኪያቶ እግሯ ላይ ዘፍ ብላ ተኝታለች። ዘይቱና አንድ ሰዓት ሙሉ እግሯን ሳታንቀሳቅስ ቆየች፤ እግሯ ደነዘዘ። ወደደቻት። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ጽጌማርያም ደግሞ ዓይን አላት። አንሶላ በየቀኑ ሲሰጣ አየች፤ ካርቶኑንም አይታ ነበር። አንድ ጠዋት ዘይቱና አንሶላ ስትጨምቅ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«እትዬ ዘይቱና፣ እንደው ለማወቅ ያህል ነው። ጥንቸልዎ የሚጸዳዱበትን ቦታ ያውቃሉ?»

ጥንቸሏን አንቱ ያለቻት ለማብሸቅ ነው።

«እየተማረች ነው» አለች ዘይቱና።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ወሩ ስብሰባ።»

አፏን ሞልታ አለችው። ስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሕጉ የራሷ ነው፤ ዶሮ ያስበላችበት ሕግ ለጥንቸል ሲሆን ይላላ ማለት ደግሞ ከእንግዲህ ወዲያ ግቢው ውስጥ ማንንም «ተመልሰህ እጠብ» ማለት አትችልም ማለት ነው። ወይ ማኪያቶ ትማራለች፣ ወይ ትወጣለች።

ኢልሀም ጋ ደወለች። ኢልሀም ስልኳ ላይ አንብባ ነገረቻት፤ ሳፋ ውስጥ ሰጋቱራ አድርጊ፣ አጠገቡ ድርቆሽ አስቀምጪ፣ እየበላች መጸዳዳት ትወዳለች፣ ደጋግማ የምትሸናበት ጥግ ላይ አድርጊው። ዘይቱና ከአናጢዎች ሰጋቱራ በማዳበሪያ ለምና አመጣች። ድርቆሽም ከበግ ነጋዴዎች ገዛች። የካሮት ቅጠል ከአትክልት ተራ በዘንቢል አስመጣች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ግን ዘይቱና ዘይቱና ናት፤ የራሷን ጥበብ ጨመረችበት። ማኪያቶ ሳፋው ውስጥ አንድ ጠብታ ካደረገች ወዲያው ሰጋቱራውን ትደፋና ሳፋውን በበረኪና ትፈትገዋለች። በቀን ሦስቴ። ሳፋው እንደ ክሊኒክ ሸተተ። ማኪያቶ ትጠጋና አፍንጫዋን ታርገበግባለች፣ ታስነጥሳለች፣ ዞራ ሄዳ አልጋው ላይ ትሸናለች።

ዘይቱና ሰደበቻት። ለመነቻት። ሳፋው ውስጥ አስቀምጣ «በይ፣ እኔ ዞሬያለሁ» አለቻት። በበረኪና ላይ ኦሞ ጨመረች። ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አልጋው ደረቅ ነበር። ሶፋውም ደረቅ፣ ወለሉም ንጹሕ። በአሥረኛውም እንደዚያው። ማኪያቶ ጠፍታ ትቆይና ከአልጋው ሥር ብቅ ብላ እግሯ ላይ ትተኛለች፤ ቤቱ ግን አንድ ጠብታ የለበትም። ሳፋውም ቢሆን ደረቅ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ታዲያ የት ነው የምትሸናው?» ይል ነበር። ዘይቱና ግን አልጠየቀችም፤ ድል ያደረገ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም። ፍርሃት አድርቋት ይሆናል አለችና ተወችው።

በረንዳዋ ላይ ወሬው ተነዛ። «በዓይኔ ነው ያስተማርኳት» ትላለች ሱሪ እያሳጠረች። «ዱላ አያስፈልግም። ማየት ነው፤ እንዲህ።» አንዷ ደንበኛዋ አልጋ የሚያረጥብ የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ዘይቱና ልጁን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አፍጥጣ አየችው። ልጁ እዚያው ቆሞ ሸና። «ጀማሪ ነው፣ ነገም አምጪው» አለች።

ስብሰባው እሑድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤቱ ይታያልና ዘይቱና አልጋዋን ጎትታ ልትጠርግ ተነሳች። አልጋው ፈቀቅ ሲል ካውያው ተገልብጧል፤ ከጎኑ ሁለት ቡጢ የሚያሳልፍ ጉድጓድ ከግድግዳው ሥር ወደ ማዶ ይሄዳል። በሆዷ ተኝታ አየች።

ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ አታክልቲ ቤት ነው። አታክልቲ የስልክ መስመር ሠራተኛ የነበረ ጡረተኛ ነው፤ የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ሲያስነጥስ ዘይቱና ከዚህ ሆና «ይማርዎ» ትለዋለች። ሚስቱ ምብራት ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ሰላም ከማለት ያለፈ ነገር ከአፉ አይወጣም። በጉድጓዱ በኩል የታያት መጀመሪያ ጫማው ነበር። ከጫማው አጠገብ ሰማያዊ ሳፋ አለ፣ ሰጋቱራ የተሞላ፣ ጥጉ ላይ ረጥቦ የቀረ። ከሳፋው ጎን ድርቆሽ። ከድርቆሹ ወዲያ አፈር የሞላ የቢራ ሳጥን። ማኪያቶ አፈሩ ውስጥ ገብታ እንደ ልቧ ትጭራለች።

«ንዒ ጓለይ፣ ንዒ» አለ አታክልቲ። ነይ ልጄ፣ ነይ።

ዘይቱና ይህን ድምፅ ረስታው ነበር። ምብራት በነበረችበት ጊዜ ሁለቱ ማታ ማታ በትግርኛ ሲያወሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲሳሳቁ በግድግዳው በኩል ትሰማ ነበር። አሁን በዚያ ቤት ቋንቋውን የሚመልስለት ሰው የለም። ማኪያቶ ከአፈሩ ወጥታ ወደ ሳፋው ገባች፣ ድርቆሽ እየበላች ሸናች። «ጽቡቕ፣ ጽቡቕ» አላት፣ ጥሩ፣ ጥሩ፤ አገር ያቀናች ይመስል።

ዘይቱና በመጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። እሷ በሦስት ጠርሙስ በረኪና ያልሆነላት፣ ለዚህ ተራው ሲደርስ ሽንት ቤቱን በአንድ ባልዲ ውኃ ለቅለቅ አድርጎ ለሚወጣ ሽማግሌ ሆነለት። ቀጥሎ ነገ ትዝ አላት። ነገ ቤቷ ይታያል፤ ቤቷ ንጹሕ ነው። አልጋዋን ወደ ቦታው ገፍታ መለሰችው።

እሑድ ከሰዓት ሰባቱም ቤቶች ዘይቱና ደጃፍ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ወርቅ ሠሪው ጋሽ ብርሃነ ነበር። ጽጌማርያም ቤቱን አየች፣ አሸተተች፣ ሶፋውን በእጇ ዳሰሰች፣ መስገጃውን በዓይኗ መረመረች። ወጥታ «ምንም የለም» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጥርሷን የነቀለ ይመስል። ሰው አጨበጨበ። ዘይቱና ደረቷን ነፍታ ቆማለች። ማኪያቶ ቀረችላት።

«ሁለተኛ ጉዳይ አለ» አለች ጽጌማርያም፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «ጋሽ አታክልቲን የሚመለከት ነው። ቅር እንዳይልዎት ጋሽዬ። ከሰሞኑ ከቤትዎ ሽታ ይመጣል። የሽንት ሽታ። የእኔ ደጃፍ ፊት ለፊት ስለሆነ ነው የማውቀው። ዕድሜ ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። ሽንት ቤቱ ራቅ ይላል፣ ማታ ደግሞ ይጨልማል። እኛ ያሰብነው ሱሉልታ ላሉት ወንድምዎ ደውለን…»

 አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘይቱና አታክልቲን አየችው፤ አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። ግድግዳው ሥር ጉድጓድ አለ፣ የሷ ጥንቸል ናት፣ ይላል። ሕጉን ያውቃል፤ ከተናገረ ማኪያቶ ዛሬውኑ ትወጣለች። አታክልቲ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እርጅና ነው» አለ። «ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ይህን ዘይቱና አልጠበቀችም። ዝም ብትል ይህ ሰው በሰባት ቤት ፊት ሱሪው ላይ እንደሚሸና ተቆጥሮ፣ ወንድሙ መጥቶ ይወስደዋል። ደግሞ ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ አፍን መዝጋት ብቻ ነው። ነገር ግን ከስድስት ዓመት በፊት የሆነ ነገር መጣባት። ያኔ አታክልቲ የጽዳት ተራውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘለለ። ዘይቱና በጠመኔ ሽንት ቤቱ በር ላይ «አታክልቲ ቆሻሻ ነው» ብላ በትልቁ ጻፈች። ግቢው ሁሉ አየው፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ አነበበው። ኋላ ነው ምብራት ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር የሰማችው። ጽሑፉን ደመሰሰችው፤ ለቅሶም ደረሰች። ይቅርታ ግን አላለችም። አንድ ጊዜ ይቅርታ ከጠየቅኩ ሽንት ቤቱን ማን ይፈራልኛል ብላ ነበር ለራሷ ያመካኘችው።

«የጥንቸሏ ነው» አለች።

«ምኑ?» አለ ጋሽ ብርሃነ።

«ሽንቱ። የእኔ ጥንቸል ናት። አልጋዬ ሥር ግድግዳውን ሰርስራ እሳቸው ጋ ስትሸና ነው የከረመችው። እኔ ምንም አላስተማርኳትም። በዓይኔም አላስተማርኳትም። ትናንት አይቼ ነው ዝም ያልኩት። እሳቸው ሳፋ አስቀምጠው፣ በወጉ፣ አንድ ቦታ እንድትሸና አድርገዋታል። የሰውየው ሱሪ ከእናንተ ሁሉ ሱሪ ንጹሕ ነው። የሁላችሁንም ሱሪ ስለማውቅ ነው የምናገረው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ጽጌማርያም ናት። ከዚያ ግቢው በሙሉ። ዘይቱና በሕይወቷ እንዲህ አልተሳቀባትም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፣ ግን አልተቀመጠችም።

«ጋሽ አታክልቲ፣ እውነት ነው?» አለ ብርሃነ።

አታክልቲ ባርኔጣውን አዙሮ አዙሮ ተመለከተው። «አንድ ማለዳ አልጋዬ ሥር አፈር ሲጫር ሰማሁ፤ ጆሮ ብቅ አለ። ምን ላድርግ? ሳፋ ሰጠኋት።» ወደ ዘይቱና ዞረ። «አንቺ ታጥቢያለሽ። ታጥቢያለሽ፣ ታጥቢያለሽ፤ እሷ የራሷን ሽታ ታጣለች፤ ቦታው የሷ መሆኑን በምን ትወቅ? ጥቂት መተው ነው። መቆፈሩን ደግሞ አትከለከልም፤ አፈር ተሰጥቷት እዚያው ትቆፍር።»

በሰባት ቤት ፊት፣ ሽንት ቤትን በተመለከተ፣ ዘይቱና «በጣም አጠብሽ» ተባለች። ሰው ይህን እስከ ዛሬ እየደጋገመ ያወራዋል።

ጽጌማርያም ደብተሩን ጠየቀች። ሕጉ ተነበበ፤ የሚጸዳዳበትን ቦታ የማያውቅ እንስሳ በዚህ ግቢ አይኖርም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ብርሃነ ፈረደ። ጥንቸሏ ቦታዋን ታውቃለች፤ ስለዚህ ከግቢው አትወጣም። የምታውቀው ቦታ ግን የጋሽ አታክልቲ ሳፋ ነው፤ ስለዚህ የምትኖረው እዚያ ነው። ግድግዳው የጋራ ነውና ጉድጓዱ ዛሬውኑ በሲሚንቶ ይደፈናል። ጽጌማርያም የዶሮዎቿን ደም የመለሰች ያህል ፊቷ ፈካ። ዘይቱና «ይሁን» አለች። ሌላ ቃል ብትጨምር ልታለቅስ ነበር።

ሲሚንቶውን ራሷ አቦካች። ስትደፍን ከወዲያ በኩል የማኪያቶ አፍንጫ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ተመለሰ። የዚያን ምሽት እግሯ በረዳት፤ ሬዲዮኑንም አልከፈተችም።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ የካሮት ቅጠል ይዛ የአታክልቲን በር አንኳኳች። ከምብራት ለቅሶ ወዲህ ያንን ደጃፍ አልረገጠችም። ከፈተላት፣ ዱካም አቀረበላት። ማኪያቶ መጥታ እግሯን አሸተተች፣ ቅጠሉን ነጠቀችና ሳፋዋ ውስጥ ገባች።

«ጋሽ አታክልቲ፣ ያኔ በሩ ላይ የጻፍኩት ነገር…» አለች ዘይቱና።  «በደልኩዎት። ምብራት ታማ እንደነበር አላወቅኩም፤ ካወቅኩ በኋላም አፌን ዘጋሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

አታክልቲ ለጥንቸሏ ድርቆሽ ጨመረላት። ጥንቸሏ ስታኝክ ይሰማል።

«ለምብራት ነግሬያት ነበር» አለ። «ሆስፒታል ሆና። ዘይቱና ቆሻሻ ነው ብላ በር ላይ ጻፈችብኝ አልኳት። እስኪያማት ሳቀች። ነርሷ መጥታ ተቆጣችን። ተሽሎኝ ስወጣ እኔ ደግሞ የሷን ስም በሊፒስቲክ እጽፈዋለሁ አለች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።»

ዘይቱና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «በምን ቀለም?» አለች።

«በቀይ» አላት። «ሌላ አልነበራትም።»